ወጀብ ከመነሣቱ በፊት፦ የሞተር ጀልባ ጉዞ በጣና ዳርቻ

የዳርቻ ጉዞ የሚባለው አንድ ጀልባ ከየብስ እጅግ ሳይርቅ፣ ዳርቻውን በዓይን እያየና ችግር ቢገጥመው የሚጠጋበትን ስፍራ አስቀድሞ እያሰበ የሚያደርገው የውኃ ላይ ጉዞ ነው። ሞተር የተገጠመለት ጀልባ ከቀዛፊ ክንድ የበለጠ ጉልበት ስላለው፣ መጥፎ የአየር ጠባይ ሲመጣ በፍጥነት ሮጦ ያመልጣል የሚል እምነት በብዙ ተሳፋሪዎች ዘንድ ይገኛል፤ ይህ እምነት ግን ከአየርና ከውኃ ጠባይ ጋር ሲመዛዘን የማይጸና ከመሆኑም በላይ ሰዎችን ለሞት ሲዳርግ የቆየ ነው። የባሕር በር በሌላት አገር ውስጥ ስለ ጀልባና ስለ ማዕበል መጻፍ ለጊዜው ሩቅ ጉዳይ መስሎ ሊታይ ቢችልም፣ በጣና ሐይቅ ላይ መነኮሳት፣ ተሳላሚዎች፣ ነጋዴዎች፣ ዓሣ አስጋሪዎችና ጎብኚዎች ዘወትር የሚጓዙ በመሆናቸው፣ በኤደን ባሕረ ሰላጤም በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች በትንንሽ ጀልባዎች ስለሚሻገሩ፣ ጉዳዩ የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው።

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1786 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተንጣለለ፣ 3000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው የኢትዮጵያ ትልቁ ሐይቅ ሲሆን፣ ርዝመቱ 84፣ ወርዱ ደግሞ 66 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። በምሥራቅ አዲስ አበባ፣ በቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ አካባቢ የሚኖር ወይም የሚሠራ አንባቢ ይህን የሐይቁን ርዝመት ለመገመት ከቱሉ ዲምቱ ተነሥቶ አዳማ የሚያደርሰውን የፍጥነት መንገድ ሙሉ ርዝመት ማሰብ ይበቃዋል፤ በዚያ መንገድ ላይ መኪና የተበላሸበት ሰው ግን ወደ ጠርዙ ወጥቶ መቆም ሲችል፣ በሐይቁ መካከል ሞተር የጠፋበት ሰው ነፋስ ወደ ወሰደው ይሄዳል። የሐይቁ ስፋት ይህን ያህል ሆኖ ሳለ ጥልቀቱ ግን በጣም አነስተኛ ነው፤ እጅግ ጥልቅ የሚባለው ስፍራ 14 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ አማካይ ጥልቀቱም ከ9 ሜትር አይበልጥም። ሰፊና ጥልቀት የሌለው መሆኑ ለጀልባ ነጂ ምን ማለት እንደ ሆነ የሚገባው የማዕበል አፈጣጠር ሲታወቅ ነው።

ማዕበል የሚያድገው በሦስት ነገሮች ነው፤ እነርሱም የነፋሱ ፍጥነት፣ ነፋሱ ሳያቋርጥ የቆየበት ጊዜ እና ነፋሱ በውኃው ላይ ሳይገታ የተጓዘበት ርቀት ናቸው። ይህን የመጨረሻውን የነፋስ መሮጫ ብንለው፣ በጣና ላይ ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚነፍስ ነፋስ ረዥም መሮጫ ሲያገኝ፣ በዘጌ ልሳነ ምድር ወይም በደቅ ደሴት የተከለለ ስፍራ ላይ ያለው ነፋስ ግን መሮጫው አጭር ስለሚሆን ያው ፍጥነት ቢኖረው እንኳ ትልቅ ማዕበል ማንሣት አይችልም። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በ60 ኪሎ ሜትር ውኃ ላይ ለብዙ ሰዓት ቢቆይ፣ በስሌት አንድ ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ማዕበል ያስነሣል። አንድ ሜትር ለውቅያኖስ መርከብ ምንም ባይሆንም፣ ጠርዙ ከውኃው ወለል ጥቂት ብቻ ከፍ ላለ ክፍት ጀልባ ግን ብዙ ነው። ከዚህም ሌላ የሐይቁ ወለል ቅርብ በመሆኑ የማዕበሉ እግር ወለሉን መንካት ይጀምርና ሞገዶቹ አጫጭር፣ ቀጥ ያሉና እርስ በርስ የተጠጋጉ ይሆናሉ፤ ጀልባው ከአንዱ ሞገድ ወርዶ አፍንጫውን ሳያነሣ ሁለተኛው ይደርስበታል። የሞገድ ጉልበት ከከፍታው ጋር እኩል ብቻ የሚያድግ አለመሆኑም መታወቅ ይኖርበታል፤ ከፍታው እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናልና፣ ከግማሽ ሜትር ወደ አንድ ሜትር ያደገ ማዕበል ጥቂት የከፋ ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ነፋሱ ራሱ በሐይቁ ላይ የዕለት ሥርዓት አለው። ውኃ ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ ቀስ ብሎም ይቀዘቅዛል፤ የብስ ግን ፀሐይ ሲያገኘው ፈጥኖ ይሞቃል፣ ፀሐይ ስትጠልቅም ፈጥኖ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ረፋድ ላይ የብሱ ሲሞቅ ከላዩ ያለው አየር ወደ ሰማይ ይነሣና በምትኩ ከሐይቁ ቀዝቃዛ አየር ወደ ዳርቻው ይነፍሳል፤ ሌሊት ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ ነፋሱ ከየብስ ወደ ሐይቁ ይሆናል። ማለዳ በሁለቱ መካከል የሚገኝ የእርጋታ ሰዓት በመሆኑ፣ የባሕር ዳር ጀልባ ነጂዎች ከጠዋቱ 1 እና 2 ሰዓት ላይ መነሣትን የሚመርጡት፣ ወደ ዳጋ እስጢፋኖስና ወደ ናርጋ ሥላሴ ገዳማት የሚወስዱ ረዣዥም ጉዞዎችም ከቀትር በኋላ ሐይቁ ሳይናወጥ እንዲያልቁ የሚፈለገው በዚህ ምክንያት ነው። በሐይቁ ዙሪያ ያሉ ተራሮች፣ በተለይ በምሥራቅ በኩል ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ ያለው የጉና ተራራ፣ ይህን የዕለት ዑደት ያጠነክሩታል፤ የሞቀው አየር በተራሮቹ ገላ ላይ እየወጣ ከቀትር በኋላ የነጎድጓድ ደመና ይሠራልና።

ስለ ክረምቱ ዝናብ የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ ለመንገደኛ እጅግ የሚጠቅም አንድ ነገር አሳይተዋል። በተራሮቹ ላይ ዝናቡ በአብዛኛው የሚወርደው ከቀትር በኋላ ሲሆን፣ በሐይቁና በዳርቻው ላይ ግን የሚበዛው ሌሊት ነው። ከዙሪያው የሚነሣው የሌሊቱ የየብስ ነፋስ በሐይቁ መካከል ሲገናኝ፣ እዚያ ያለውን ሞቃትና እርጥብ አየር ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ከዚያም ደመናው፣ መብረቁና ወጀቡ ይመጣሉ። የቀን ወጀብን ፈርቶ ማታ ልጓዝ የሚል ሰው፣ በክረምት ወራት ከፊተኛው የሚብስ ነገር ሊገጥመው እንደሚችል ከዚህ መረዳት ይቻላል፤ በጨለማ ደመናውን ማየት፣ ዳርቻውን መለየትም ሆነ ከውኃው በታች ያለውን ድንጋይ መጠንቀቅ አይቻልምና።

የነጎድጓድ ደመና ለጀልባ አስጊ የሚሆነው በዝናቡ ብቻ አይደለም። ዝናቡ ሲወርድ በመንገዱ ያለውን አየር ያቀዘቅዘዋል፤ የቀዘቀዘው አየር ስለሚከብድ ወደ ታች ይወድቅና ምድርን ወይም ውኃን ሲነካ በየአቅጣጫው ይበተናል። ይህ የተበተነ ነፋስ ከዝናቡ ቀድሞ የሚደርስ በመሆኑ፣ ሰማዩ ከራሱ በላይ ገና ብሩህ የሆነለት መንገደኛ በድንገት በኃይለኛ ነፋስ ሊመታ ይችላል። ምልክቶቹ ግን አሉ፤ አየሩ በድንገት ይቀዘቅዛል፣ የነፋሱ አቅጣጫ ይለወጣል፣ በሩቁ ውኃ ላይም የጠቆረ መስመር ይታያል፤ ያ መስመር በነፋሱ የተሸበሸበው የውኃ ገጽ ነው። የደመናውን ርቀት ለማወቅ መብረቁ ከታየበት ቅጽበት አንሥቶ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ያለውን ሴኮንድ ቆጥሮ ለሦስት ማካፈል በቂ ሲሆን፣ የሚገኘው ቁጥር ርቀቱን በኪሎ ሜትር ይሰጣል።

እስቲ ነጎድጓዱ ከመብረቁ 30 ሴኮንድ ዘግይቶ ተሰማ እንበል፤ ደመናው በ10 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ነው። ከእርሱ የሚወጣው ነፋስ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ በ15 ደቂቃ ውስጥ ይደርሳል፤ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ የተጫነ ጀልባ ደግሞ በዚያው 15 ደቂቃ ውስጥ ከ4 ኪሎ ሜትር ያነሰ ነው የሚሄደው። ስለዚህ መጠጊያው ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ የራቀ ከሆነ ጀልባው አያመልጥም። ይህ ቀላል ሒሳብ የዳርቻ ጉዞን ሙሉ ጥበብ ይዟል፤ ከዳርቻው ምን ያህል መራቅ እንደሚገባ የሚወስነው የጀልባው ፍጥነትና የሰማዩ ሁኔታ በአንድነት ናቸው፣ ውሳኔውም የሚደረገው ነጎድጓዱ ከመሰማቱ በፊት፣ አንዳንድ ጊዜም ገና ከወደቡ ሳይነሡ ነው።

በሞተሩ ጉልበት ላይ ያለው እምነት በጣና ላይ ሌላም ድክመት አለበት። የጀልባ ሞተር ጉልበት የሚለካው በባሕር ወለል ላይ ባለው አየር ሲሆን፣ በጣና ከፍታ ላይ ያለው አየር ከባሕር ወለሉ አየር አንድ ስድስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ቤንዚን የሚቃጠለው በኦክስጅን በመሆኑ፣ አየር ጨምቆ የሚያስገባ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱን በዚያው መጠን ገደማ ያጣል፤ 2334 ሜትር ከፍታ ባለው በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የሚነሡ አውሮፕላኖች በባሕር ዳርቻ ካሉት ማረፊያዎች ይልቅ ረዥም ማኮብኮቢያ የሚያስፈልጋቸውም በዚሁ በአየሩ መሳሳት ነው። በሞተሩ ላይ የተጻፈውን የፈረስ ጉልበት አምኖ ተጨማሪ ሰው የሚጭን ባለ ጀልባ እንግዲህ በሌለው ጉልበት ላይ ነው የሚጭነው። ነዳጅም እንዲሁ በእርጋታው ቀን ልክ መቀዳት የለበትም፤ በማዕበል ላይ የሚሄድ ጀልባ ለዚያው ርቀት ብዙ ይፈጃልና፣ በዓለም ዙሪያ የዳርቻ ተጓዦች ከነዳጃቸው ሲሶውን ለመሄጃ፣ ሲሶውን ለመመለሻ፣ የቀረውን ሲሶ ደግሞ ለክፉ ቀን ይይዛሉ።

ዳርቻ ሁሉ መጠጊያ ነው ማለትም ትልቅ ስሕተት ነው። ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል ያለው ዳርቻ ነፋሱን ስለሚከልል ውኃው የረጋ ይሆናል፤ ነፋሱ ወደሚሄድበት በኩል ያለው ዳርቻ ግን ሐይቁን አቋርጦ ያደገው ማዕበል ሁሉ የሚሰበርበት ስፍራ ነው። በዚህ በሁለተኛው ዳርቻ አጠገብ ሞተሩ የጠፋበት ጀልባ መልሕቅ ካልያዘው በስተቀር ወደ ድንጋዩ ይነዳል፤ ስለዚህ ቅርብ የሆነውን ትቶ ራቅ ወዳለው የተከለለ ዳርቻ መሄድ፣ ነፋስን ፊት ለፊት መጋፈጥን የሚጠይቅ ቢሆንም፣ ብዙ ጊዜ ትክክለኛው ምርጫ ይሆናል። ደሴቶችም እንዲሁ አንዱ ጎናቸው መጠጊያ፣ ሌላው ጎናቸው መሰበሪያ ነው፤ የትኛው የትኛው እንደ ሆነ የሚለወጠውም ከነፋሱ ጋር ነው።

በዚህ ላይ የጣና ዳርቻ የራሱ ወጥመዶች አሉት። የሐይቁ ውኃ ከክረምት በኋላ በመስከረምና በጥቅምት ከፍ ብሎ በግንቦትና በሰኔ ዝቅ ስለሚል፣ ልዩነቱም አንድ ሜትር ተኩል ያህል ስለሚደርስ፣ በጥቅምት ጀልባ በሰላም ያለፈበት ድንጋይ በግንቦት የጀልባውን ሆድ ሊቀድድ ይችላል። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ የተባሉት ወንዞች የሚያመጡት ደለል በአፋቸው ላይ ክምሮችን ይሠራል፤ ማዕበልም በእነዚህ ጥልቀት በሌላቸው ስፍራዎች ላይ ይሰበራል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በሐይቁ ላይ የታየው እምቦጭ የተባለው መጤ አረም በነፋስ እየተገፋ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ እንደ ምንጣፍ ሲዘረጋ፣ በጀልባው ጭራ የሚሽከረከረውን መግፊያ ከመጠምጠሙም በላይ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ውኃ የሚገባበትን ቀዳዳ ይደፍናል። የዓሣ መረብም እንዲሁ መግፊያውን ያስራል። ወደ ዳርቻ የሚሸሽ ጀልባ ሞተሩን የሚያጣው ብዙ ጊዜ በጣም በሚያስፈልገው በዚህ ሰዓት ነው።

የሐይቁ ነባር መንገደኞች ይህን ሁሉ በቃላት ባይተነትኑትም በሥራ ያውቁት ነበር። ከደንገል የሚሠራው ታንኳ ውኃው በውስጡ የሚያልፍ፣ ከተጠቀሙበት በኋላም ወደ የብስ ወጥቶ የሚደርቅ በመሆኑ፣ ባለቤቱ ከዳርቻ ብዙ እንዳይርቅና ጉዞውን በአጭር በአጭሩ እንዲከፋፍል ያስገድደዋል፤ የነገደ ወይጦ ታንኳ ሠሪዎች ዕውቀት ከደንገሉ ጋር ስለ ሐይቁ ጠባይም የተከማቸ ዕውቀት ነውና፣ ደንገሉ እየተመናመነ በሄደ ቁጥር ይህም አብሮ እንዳይጠፋ ሊመዘገብ ይገባል። ከባሕር ዳር ተነሥታ በዘጌ፣ በደቅ፣ በቁንዝላና በደልጊ በኩል ጎርጎራ ትደርስ የነበረችው የሕዝብ ማመላለሻ ጀልባም የምዕራቡን ዳርቻ ተከትላ፣ በቁንዝላ አድራ በማግስቱ ትቀጥል ነበር። በሞተር ኃይል ሐይቁን በአንድ ቀን ማቋረጥ ለሚችል ሰው ይህ መዘግየት ይመስለዋል፤ ነገር ግን ሌሊቱን በየብስ ጥግ ማሳለፍና በማለዳው እርጋታ መነሣት ከላይ ከተገለጸው የነፋስ ሥርዓት ጋር ፍጹም የሚስማማ አሠራር ነው።

ጥንቃቄው ሁሉ ተደርጎም ወጀቡ በጉዞ ላይ ቢደርስ፣ መጀመሪያ የሚሠራው ፍጥነትን መቀነስና ክብደትን ዝቅ ማድረግ ነው። ተሳፋሪዎች የሕይወት አድን ጃኬታቸውን ቀድመው መልበስ፣ ከመቆም ተቆጥበው ወለሉ ላይ በጀልባው መካከል መቀመጥ አለባቸው፤ ጃኬቱ ከመቀመጫ ሥር ተከምሮ ከቆየ፣ ጀልባው ከተገለበጠ በኋላ ማንም አያገኘውም። ማዕበሉን በጎን መቀበል ጀልባውን ይገለብጠዋል፣ ፍጹም ፊት ለፊት መቀበልም አፍንጫውን ውኃ ውስጥ ሊያስነክረው ስለሚችል፣ ልምድ ያላቸው ነጂዎች በመጠኑ ገደድ አድርገው ይቀበሉታል። ማዕበሉ ከኋላ ሲሆን ነገሩ ይከፋል፤ ጀልባው በሞገዱ ቁልቁለት ላይ ተንሸራቶ መሪው ሳይታዘዝለት በጎኑ ሊዞር ይችላልና። ወደ ጀልባው የገባ ውኃም ወዲያው ካልተቀዳ፣ ከወዲያ ወዲህ እየተንገዋለለ ጀልባውን ከማዕበሉ ባልተናነሰ ያናውጠዋል።

ከልክ በላይ መጫን ግን ይህን ሁሉ ብልሃት ከንቱ ያደርገዋል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በታንዛኒያ፣ በቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ኤምቪ ኒየሬሬ የተባለችው የሕዝብ ማመላለሻ የተገለበጠችው ከልክ በላይ ሰው ጭና፣ ከመድረሻዋ ጥቂት ርቀት ላይ ሳለች ሲሆን፣ ከ200 በላይ ሰዎች አልቀዋል። በጣና ደሴቶች በንግሥ ቀን የሚሰበሰበው ምእመን ብዛት ሲታሰብ ይህ ታሪክ የሩቅ አገር ወሬ ሆኖ ሊቀር አይገባውም፤ ወደ ታቦቱ ለመድረስ የሚቸኩል ተሳላሚ ስንት ሰው እንደ ተጫነ አይቆጥርም፣ ሊቆጥርለት የሚገባው የጀልባው ኃላፊ ነው።

ወጣቶቹ የሚሻገሩበት ባሕር ደግሞ ከሐይቁ እጅግ የከበደ ነው። የፌዴራል መንግሥቱ ካስገነባቸው ኢንዱስትሪ ፓርኮች የመጀመሪያው የሆነው ቦሌ ለሚ በ2006 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በውስጡ የሚሰፉ ልብሶች በኮንቴይነር ታሽገው፣ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው ወደ ጅቡቲ ወደብ ወርደው በኤደን ባሕረ ሰላጤና በአካባቢው ውኃዎች ያልፋሉ። ለእነዚህ ዕቃዎች መርከቡ ትልቅ ነው፣ ትንበያ ይደርሰዋል፣ ካስፈለገም መንገድ ይቀይራል። በዚያው ውኃ ላይ የሚሻገሩት ስደተኞች ግን ከዚህ አንዱንም አያገኙም። ከሰኔ እስከ መስከረም የሚነፍሰው የደቡብ ምዕራብ ሞንሱን፣ ማለትም በየወቅቱ አቅጣጫውን የሚለዋውጠውና የኢትዮጵያን ክረምት ከሚያመጣው ታላቅ የአየር ዝውውር ጋር የተሳሰረው ነፋስ፣ የሶማሌን ጠረፍ ባሕር ክፉኛ ስለሚያናውጠው የአካባቢው ዓሣ አጥማጆች በእነዚህ ወራት ጀልባዎቻቸውን ወደ የብስ ማውጣት የቆየ ልማዳቸው ነው። ሰው አሻጋሪዎች ይህን ወግ አያከብሩም። ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. በየመን አብያን ግዛት ዳርቻ በመጥፎ የአየር ጠባይ የተገለበጠችው ጀልባ ከ150 በላይ ሰዎችን ጭና የነበረ ሲሆን፣ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ ከ60 የሚበልጡ ሰዎች መሞታቸው ሲረጋገጥ፣ ብዙዎች የደረሱበት ሳይታወቅ ቀርቷል፣ የተረፉትም ጥቂቶች ናቸው። ወሩ ሞንሱኑ የሚበረታበት ነበር፤ ጀልባዋ ከልክ በላይ ተጭና ነበር፤ መነሻውን ሰዓትም ሆነ መጠጊያውን የሚመርጠው ተሳፋሪው አልነበረም። እነዚህ ወጣቶች በገጠርም ሆነ በከተማ ጎረቤቶቻችን የነበሩ ናቸውና፣ ሞታቸው በባሕር ቁጣ ብቻ ተሳብቦ ሊታለፍ አይገባም።

የአየር ትንበያ ለትንንሽ ጀልባዎች የሚደርስበትን መንገድ በቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ የተሠራው ሥራ ያሳያል። ዓለም አቀፉ የሜትሮሎጂ ድርጅት ከምሥራቅ አፍሪካ አገሮች የሜትሮሎጂ ተቋማት ጋር ከ2010 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ባካሄደው ፕሮጀክት፣ ሐይቁ በክፍል በክፍል ተለይቶ ለእያንዳንዱ ክፍል የነፋሱ ኃይልና የማዕበሉ ከፍታ በቀላል ቋንቋ እየተነገረ በሬድዮና በስልክ ለዓሣ አጥማጆች እንዲደርስ ተደርጓል። ጣናም የዚህ ዓይነት አገልግሎት የሚገባው ሐይቅ ነው፤ መሠረቱም አለ። በ1973 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመውና ዛሬ የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚባለው ተቋም የክልልና የከተማ ትንበያ ሲሰጥ የኖረ ሲሆን፣ ከሐይቁ በስተምዕራብ በሻውራም የዝናብ ደመናን ከሩቅ የሚያይ ራዳር ተተክሏል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የማሪታይም ተቋም በቢሾፍቱ ባቦጋያ የሚያሠለጥናቸው መሐንዲሶችም በውጭ አገር መርከቦች ላይ ያገለግላሉ፤ ከዚያ ዕውቀት ጥቂቱ እንኳ ለጣና ጀልባ ነጂዎች በአጭር ሥልጠና ቢደርስ ጥቅሙ ቀላል አይሆንም።

ለጣና የሚሆነው ትንበያ ባሕር ዳር ይዘንባል ወይም አይዘንብም በማለት ብቻ አይወሰንም፤ ነፋሱ ከየት አቅጣጫ፣ በስንት ሰዓት፣ በምን ያህል ኃይል እንደሚነሣ፣ የትኛው የደቅ ጎን ወይም የትኛው የዘጌ ጥግ ተከልሎ እንደሚውል መናገር ይኖርበታል። ከዚህም ጋር ነጂዎቹ ገና ከማሰሪያቸው ሳይፈቱ፣ ማለትም ከጠዋቱ 12 ሰዓት በፊት፣ በባሕር ዳር፣ በዘጌ፣ በደቅ፣ በቁንዝላ፣ በደልጊና በጎርጎራ መነሻዎች መድረስ አለበት።